የ12 ቮልት አዳፕተር፦ 431ዱ ከተቀየረ በኋላ ቮልቴጁ ይንራል፣ ትክ ትክ ይላል

ጮቄ_ሞገድ (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም ጎበዝ። የዲሽ ሪሲቨር አዳፕተር ነው፣ 12 ቮልት 2 አምፒር። ሲመጣ አውትፑቱ ከ2 እስከ 3 ቮልት እየተንቀጠቀጠ ነበር። ሰከንደሪ (የአውትፑቱ ወገን) ላይ ካለችው ባለ ሦስት እግር ደቃቃ ቺፕ ሁለቱ እግሮች ሾርት ሆነው ተገኙ። ጽሑፏ ተቃጥሏል፣ አይነበብም። ኦፕቶው (በውስጡ መብራትና ትራንዚስተር ይዞ ምልክቱን በብርሃን የሚያሻግረው ቺፕ) ሥር ስላለች 431 (አውትፑቱን ከራሱ ሪፈረንስ ቮልቴጅ ጋር የሚያወዳድረው ቺፕ) ናት ብዬ ከአሮጌ የኮምፒውተር ፓወር ሳፕላይ ላይ ትራንዚስተር የሚመስለውን ቲኤል431 ነቅዬ በአጭር ሽቦ አስገባሁ።

አሁን ያለ ጭነት ሲሰካ ወደ 17 ቮልት ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። ትክ ትክ የሚል ድምፅም አለ። ኦፕቶው ፒሲ817 ነው፤ በሌላ ቀይሬዋለሁ፣ ለውጥ የለም። የአውትፑቱ ካፓሲተር 1000 ማይክሮ ፋራድ 16 ቮልት። የነቀልኩት 431 የሞተ ይሆን?

ኦሚክ_ቡሬ

መጀመሪያ ከሶኬት ንቀለው። 16 ቮልት የተጻፈበት ካፓሲተር ላይ 17 እየላክህ ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይታገሥና ያብጣል። ሪሲቨሩንም እንዳታገናኘው።

ድምፁ ራሱ ብዙ ይናገራል። ትክ ትክ የሚለው ፕራይመሪ (የሶኬቱ ወገን) ላይ ያለው አይሲ ነው፤ የራሱ ማብሪያ ቮልቴጅ ከልክ ሲያልፍ ይዘጋና እንደገና ይሞክራል። ስለዚህ አይሲው ጤነኛ ነው። «በቃ ቀንስ» የሚለው መልእክት ግን አይደርሰውም። ያ መልእክት የሚሄደው ከሁለቱ ሬዚስተሮች ወደ 431፣ ከ431 ወደ ኦፕቶ፣ ከኦፕቶ ወደ አይሲ ነው። የቱ ጋ እንደተቆረጠ በአቅጣጫው ትለየዋለህ፦

አውትፑቱ ከልክ በላይ ከሄደ፦ 431ዱ ኦፕን ነው፣ ወይም የኦፕቶው መብራት ኦፕን ነው፣ ወይም የላይኛው ሬዚስተር (ከአውትፑት ወደ ሪፈረንስ እግር የሚሄደው) ተበጥሷል፣ ወይም የ431 እግሮች ተዘዋውረው ገብተዋል።

አውትፑቱ ወደ ታች ከወረደ፦ 431ዱ ሾርት ነው (ያንተ መጀመሪያ እንደነበረው)፣ ወይም የኦፕቶው ትራንዚስተር ሾርት ነው፣ ወይም የታችኛው ሬዚስተር (ከሪፈረንስ ወደ ኔጌቲቭ) ተበጥሷል።

ለአሁኑ ሁለት ነገር ላክልኝ። የሁለቱን ሬዚስተሮች ቁጥር ከነቦታቸው፤ ሌላው 431ዱን በየትኛው እግር የት እንዳስገባኸው።

ሞጣ_ፊውዝ

431 ከኮምፒውተር የተነቀለ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። እግሩን አዙረኸው ይሆናል። ጽሑፍ ያለበትን ጠፍጣፋ ፊት ወደ አንተ፣ እግሩን ወደ ታች ስታደርግ፦ ግራ ሪፈረንስ፣ መካከል አኖድ፣ ቀኝ ካቶድ።

የጣና_ዳር_ካውያ (ባሕር ዳር)

ሞጣ ያለው የትራንዚስተር መሳዩ ትክክለኛ አቀማመጥ ነው። ቦርዱ ላይ ያሉትን ሦስት ማረፊያዎች ግን በግምት አትሂድባቸው፣ በቴስተር ለያቸው። ከአውትፑቱ ኔጌቲቭ ጋር ጢጥ የሚለው አኖድ ነው። ሁለቱ ሬዚስተሮች የሚገናኙበት ሪፈረንስ ነው። ወደ ኦፕቶው 2ኛ እግር የሚሄደው ካቶድ ነው። (ፒሲ817 ላይ ነጥብ ያለበት 1፣ ከጎኑ ያለው 2፤ በፕራይመሪ በኩል 3 ኤሚተር፣ 4 ኮሌክተር።)

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ደቃቃዋ ቺፕ 431 እና 432 በሚል ትመጣለች። በቲኤል ተከታታይ ቲኤል432 ማለት ውስጡ ያው 2.5 ቮልት ሆኖ የሪፈረንስና የካቶድ እግሮቹ የተለዋወጡ ማለት ነው። ኤፒ432 እና ኤዜድ432 ላይ ግን ያው ቁጥር 1.24 ቮልት ገደማ ሪፈረንስ ማለት ነው። በቁጥር ብቻ የሚገዛ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ጮቄ_ሞገድ

እግሮቹን በቴስተር አረጋገጥኩ፣ ልክ ናቸው። ሬዚስተሮቹ፦ ከአውትፑት ወደ ሪፈረንስ 8662፣ ከሪፈረንስ ወደ ኔጌቲቭ 1002። ከካቶድ ወደ ሪፈረንስ አንድ ካፓሲተር አለ፣ ቁጥር የለውም። ከአውትፑት ወደ ኦፕቶው 1ኛ እግር 102 (1 ኪሎ) ሬዚስተር። ከኦፕቶው 1 እና 2 መካከል ምንም የለም።

ኦሚክ_ቡሬ

ተገኘ።

8662 ማለት 866 እና ሁለት ዜሮ፣ 86.6 ኪሎ ኦም ነው። 1002 ደግሞ 10 ኪሎ። የዚህ ሰርኪዩት ሕግ አንድ ነው፦

አውትፑት = ሪፈረንስ × (1 + ላይኛው ÷ ታችኛው)

1 + 86.6 ÷ 10 = 9.66። የአዳፕተሩ ጀርባ 12 ነው የሚለው፤ 12 ÷ 9.66 = 1.242። ስለዚህ የተቃጠለችው ቺፕ 2.5 ቮልቷ ሳትሆን ባለ 1.24 ቮልቷ ናት፣ ቲኤልቪ431 ወይም አቻዋ። አንተ ያስገባኸው 2.495 ቮልት ነው። 2.495 × 9.66 = 24.1። 431ህ በትክክል ሥራውን እየሠራ 24 ቮልት እስኪመጣ ይጠብቃል፤ አይሲው ደግሞ 17 ላይ ሲደርስ ፈርቶ ይዘጋል። የሞተ ዕቃ የለም።

ሪፈረንስ ማለት የገበያ ሚዛን ድንጋይ ነው። ባለ ኪሎው ሚዛን ላይ ባለ ሁለት ኪሎ ድንጋይ ብታስቀምጥ ሚዛኑ አልተበላሸም፣ የሚሸጠው እህል ግን እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የቺፑ ጽሑፍ ቢጠፋም ቦርዱን ጠይቀው፤ ሁለቱ ሬዚስተሮች ስሟን ይነግሩሃል። ክፍፍሉ ከ2.4 እስከ 2.6 ከሰጠህ 2.5 ቮልቷ ናት፣ 1.2 ምናምን ከሰጠህ ትንሿ ናት።

ሞጣ_ፊውዝ

እንግዲያው ቲኤልቪ431 ገዝቶ ማስገባት ነው። አለቀ።

የጣና_ዳር_ካውያ

ከተገኘ አዎ። ሲገዛ ግን የካቶዱን ጣሪያ ይይ። በቲኤልቪ431 ስም ከሚሸጡት አንዳንዶቹ 6 ቮልት ብቻ ነው የሚችሉት፣ ሌሎቹ 16 ወይም 18። 12 ቮልት አዳፕተር ውስጥ ሲነሳ ካቶዱ ላይ ወደ 11 ቮልት ገደማ ያርፋል (የኦፕቶው መብራት 1.1 ያህል ብቻ ነው የሚቀንሰው)። ባለ 6 ቮልቷ በመጀመሪያው ማብራት ትሄዳለች። 2.5 ቮልቱ ቲኤል431 ግን እስከ 36 ቮልት ይችላል።

ሁለቱ ዕቃዎች ከቮልቴጅ ሌላ የሚለያዩበት ነገር አለ፣ እሱን አትርሱ። ትንሿ በካቶዷ 0.1 ሚሊ አምፒር ሲያልፍ መቆጣጠር ትጀምራለች። ትልቁ 1 ሚሊ አምፒር ይፈልጋል። ጮቄ «ከኦፕቶው 1 እና 2 መካከል ምንም የለም» ያለው በኋላ ጣጣ ያመጣል።

ጮቄ_ሞገድ

እዚህ ማርቆስ ቲኤልቪ የሚባል የለም። ቲኤል431 ብቻ ነው ያለኝ። በእሱ ማድረግ ይቻላል?

ኦሚክ_ቡሬ

ይቻላል። ድንጋዩን ከቀየርክ ሚዛኑንም አስተካክል። የታችኛውን ሬዚስተር ብቻ ቀይር፣ ላይኛውን አትንካ።

ለምን ታችኛውን? የላይኛው ሬዚስተር ከካቶድ ወደ ሪፈረንስ ካለው ካፓሲተር ጋር ሆኖ የፊድባኩን (ወደ አይሲው የሚመለሰውን መልእክት) ፍጥነት ይወስናል። 86.6ን ወደ 38 ብታወርደው አውትፑቱ 12 ይመጣል፣ ማጉላቱ ግን ከእጥፍ በላይ ይሆንና አዳፕተሩ ሊያፏጭ ይችላል። ታችኛው በዚያ ሒሳብ ውስጥ የለበትም፤ ሪፈረንሱ እግር ላይ ቮልቴጁ ስለማይነቃነቅ ለሚዋዥቅ ሲግናል ታችኛው እንደሌለ ነው የሚቆጠር።

ሒሳቡ፦ 12 ÷ 2.495 = 4.81፤ አንድ ሲቀነስ 3.81፤ 86.6 ÷ 3.81 = 22.7 ኪሎ።

22 ኪሎ ብቻ ብታስገባ ግን ከምትጠብቀው በላይ ታገኛለህ። የቲኤል431 ሪፈረንስ እግር 2 ማይክሮ አምፒር ገደማ ይጠጣል። ያ ጅረት በ86.6 ኪሎ ውስጥ ሲያልፍ 0.17 ቮልት ይጨምራል። (ትንሿ ቺፕ የምትጠጣው ከአንድ ማይክሮ አምፒር በታች ነው፤ የሠራው ሰው 86.6 ኪሎ የደፈረው ለዚያ ነው።) ስለዚህ፦

በ22 ኪሎ፦ 12.32 + 0.17 = 12.49
በ23 ኪሎ፦ 11.89 + 0.17 = 12.06
በ24 ኪሎ፦ 11.50 + 0.17 = 11.67

22 ኪሎ እና 1 ኪሎ በተርታ አስገባ፣ 23 ይሆናል። 1 ፐርሰንት ሬዚስተር ይሁን። ባለ ወርቅ ቀለበቱ 5 ፐርሰንት ብቻ ካለህ ብዙ አውጥተህ በቴስተር እየለካህ 23 የሚሰጡህን ምረጥ፤ ታችኛው በ5 ፐርሰንት ሲሳሳት አውትፑቱ ወደ ግማሽ ቮልት በሚጠጋ ይሳሳታል።

ከማስገባትህ በፊት 431ዱን ለብቻው ፈትነው። ሪፈረንስና ካቶድን አንድ ላይ አገናኝ፣ ከ12 ቮልት በ1 ኪሎ ሬዚስተር አብላው፣ አኖዱን ወደ ኔጌቲቭ። ከካቶድ እስከ አኖድ ከ2.44 እስከ 2.55 መካከል ማንበብ አለብህ። ስሙ ላይ ኤ ያለው 1 ፐርሰንት፣ ቢ ያለው 0.5 ፐርሰንት፣ ምንም የሌለው 2 ፐርሰንት ነው። ከዚህ ክልል ከወጣ ዕቃው ወይ ተጎድቷል ወይ በስም ብቻ 431 ነው። በጢጥታ ብቻ የተፈተነ 431 እንዳልተፈተነ ቁጠረው፤ ዳዮድ ላይ 0.6 ወይም 0.7 አሳይቶ ሪፈረንሱ የሞተ ሊሆን ይችላል።

ጋሽ_ትራንስፎርመር (ፍኖተ ሰላም)

ልጆች፣ አንድ ነገር ልጨምር። ሶኬት ውስጥ ሳትሰኩ ፈትኑት። ከተስተካካይ ዲሲ ሳፕላይ በአዳፕተሩ የአውትፑት ሽቦ በኩል ቮልቴጅ አስገቡ፣ ጅረቱን 100 ሚሊ አምፒር ላይ ገድቡት። የአውትፑቱ ዳዮድ ወደ ትራንስፎርመሩ አያሳልፈውም። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ ከኦፕቶው 4 (ቀይ ሽቦ) ወደ 3 (ጥቁር) ለኩ። ከ5 ቮልት ጀምሮ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ ውጡ። 12 አካባቢ ላይ ኦሙ በአንዴ ዝቅ ካለ የመልእክቱ መንገድ በሙሉ ጤነኛ ነው፤ ሬዚስተር፣ 431፣ ኦፕቶ በአንድ ፈተና አለቁ። እስከ 13 ደርሶ ካልነቃ አቁሙ፣ ከዚያ በላይ አትሂዱ። የጮቄ አዳፕተር በዚህ ቢፈተን ኖሮ 17 ባልታየ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሶኬት ስትሰኩ በድሮው የሽቦ አምፑል በኩል ይሁን፣ 60 ዋት። ኤልኢዲ አምፑል ለዚህ አይሆንም። ፕራይመሪው ላይ ያለው ትልቅ ካፓሲተር 310 ቮልት ይዞ ይቆያል፤ በ10 ኪሎ 5 ዋት ሬዚስተር አራግፉት፣ በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ አይደለም።

እህተ_ሰርኪዩት (ደጀን)

ጋሼ ካሉት ላይ፦ 431ዱን በሽቦ ሲያስረዝም ሽቦው በኦፕቶው ሥር እንዳያልፍ። በፕራይመሪና በሰከንደሪ መካከል ቦርዱ ላይ የተተወው ባዶ መስመር ለውበት አይደለም። የአብዛኛው አዳፕተር የአየር ክፍተት የሚሰላው ከባሕር ወለል በላይ እስከ 2000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። ማርቆስ 2400 ገደማ ናት። አየሩ በሳሳ ቁጥር ያው ክፍተት የሚችለው ቮልቴጅ ይቀንሳል። እኛ ከፍታ ላይ ያለን ሰዎች ክፍተቱን የማጥበብ ነፃነት የለንም። እግሮቹን አጭር ቁረጥ፣ እያንዳንዱን በላስቲክ ቱቦ አልብስ፣ ጠፍጣፋውን ፊት ወደ ሰከንደሪው ካፓሲተር አዙረህ አስተኛው።

ጮቄ_ሞገድ

ሠራሁት። 22.1 እና 0.99 ኪሎ በተርታ። 431ዱ ለብቻው 2.49 አነበበ። በውጭ ሳፕላይ ሲፈተን 12.1 ላይ ነቃ። በአምፑል በኩል ሰካሁት፣ ያለ ጭነት 12.07፣ ትክ ትክ የለም። እግዜር ይስጥልኝ።

ግን በ8.2 ኦም የሽቦ ሬዚስተር (1.5 አምፒር ገደማ) ስጭነው 11.4 ይወርዳል። አምፑሉን አውጥቼም ያው ነው። ካፓሲተሩን በአዲስ ቀየርኩ፣ ያው።

የጣና_ዳር_ካውያ

የጠበቅነው መጣ። አንድ ኪሎ ሬዚስተር ከኦፕቶው 1 ወደ 2 አስገባና እንደገና ለካ።

ምክንያቱ፦ ጭነት ሲበዛ አይሲው ብዙ ኃይል መላክ ስላለበት ኦፕቶው ከሞላ ጎደል ይጠፋል። በመብራቱ የሚያልፈው 0.3 ሚሊ አምፒር ምናምን ብቻ ይሆናል። ቲኤል431 ደግሞ ከ1 ሚሊ አምፒር በታች ሲሆን ሪፈረንሱ 2.495 ሳይደርስ ጥቂት ጅረት ያፈሳል። አይሲው ያን ፍሳሽ «ደርሷል» ብሎ ያነበዋል፣ አውትፑቱም ሳይሞላ ይቆማል። 1 ኪሎው ከመብራቱ ጎን ሲቆም በ1.1 ቮልት 1.1 ሚሊ አምፒር ይወስዳል፤ 431ዱ ያን ሁልጊዜ ስለሚጎትት መብራቱ ቢጠፋ እንኳን ከጉልበቱ (መቆጣጠር ከሚጀምርበት ጅረት) በላይ ይቆያል። አውትፑቱ 12 ስለሆነ 102 ሬዚስተሩ ላይ የሚጨመረው 1.1 ቮልት ችግር የለውም።

የድሮ የኮምፒውተርና የቲቪ ቦርዶች ላይ ይህ 1 ኪሎ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካው አለ። ትንሿን ቺፕ የያዙት ላይ ስለማያስፈልግ ይተዉታል። እና የኤሌክትሪክ ቁጠባም አለበት፤ ያለ ጭነት የሚበላው ትንሽ ይጨምራል፣ ለሪሲቨር ግን ማን ይቆጥረዋል።

ጮቄ_ሞገድ

12.06 ያለ ጭነት፣ 12.04 በ1.5 አምፒር። ሁለት ሰዓት በጭነት ቆይቶ 12.05። አለቀ።

ሞጣ_ፊውዝ

እኔ ግን ይህ ሁሉ ሒሳብ ለአንድ አዳፕተር ይበዛል ባይ ነኝ። 431ዱን አውጥቶ 11 ቮልት ዜነር (ቮልቴጅን በተወሰነ ልክ ላይ የሚይዝ ዳዮድ) በካቶድና በአኖድ ቦታ ማስገባት ነው። ዜነሩ 11፣ የኦፕቶው መብራት 1.1፣ ሲደመር 12.1፣ 102 ሬዚስተሩ ላይ የሚወርደው ሳይቆጠር። ቀለበቱ ወደ ኦፕቶው። ሪሲቨር ላይ ይሠራል።

ጋሽ_ትራንስፎርመር

ይሠራል፣ አልክድህም። በ12 ቮልት ላይ በጣም መጥፎ አይደለም፤ 11 ቮልት ዜነር በ1 እና በ2 ሚሊ አምፒርም ቮልቴጁን ይይዛል። ግን ሲሞቅ በአንድ ዲግሪ 7 ወይም 8 ሚሊ ቮልት ይጨምራል፤ ኦፕቶው ጥቂቱን ቢመልስም አዳፕተሩ ውስጥ በ40 ዲግሪ ሙቀት ልዩነት ሩብ ቮልት ገደማ ይንሸራተታል። ለሪሲቨር ምንም አይደለም።

በ5 ቮልት ላይ ግን ሞኝነት ነው። «3.9 ዜነር እና 1.1፣ 5 ቮልት» ይላሉ። 1ኤን4730 ላይ 3.9 ተብሎ የተጻፈው 64 ሚሊ አምፒር ሲያልፍበት ነው። ፊድባክ ውስጥ 1 ወይም 2 ሚሊ አምፒር ነው የሚያገኘው፤ እዚያ ላይ ከ3 ቮልት በታች ሊያነብ ይችላል፣ ጭነት በተለወጠ ቁጥርም ይዋልላል። ዝቅተኛ ዜነር ጉልበቱ ለስላሳ ነው። የግድ ከሆነ በ5 ሚሊ አምፒር የተለካውን ባለ መስታወቱን (ቢዜድኤክስ55 ወይም 79) ያዝ፣ እሱም ቢሆን በሰርኪዩቱ ጅረት ለክተህ።

ዜነር ካስገባህ ደግሞ ጥበቃ አድርግ። አውትፑቱ ላይ ከፖዘቲቭ ወደ ኔጌቲቭ 15 ቮልት 1 ዋት (1ኤን4744) ተሻጋሪ ዜነር። የፊድባኩ ዜነር አንድ ቀን ኦፕን ቢሆን አውትፑቱ ሲንር ይሄ ሾርት ሆኖ ይሞትና አዳፕተሩ ትክ ትክ እያለ ይቆማል፤ የሚሞተው ዜነሩ ነው፣ የሰው ሪሲቨር አይደለም። ይህን 431 በቀየራችሁበት ሁሉ ብታስገቡት ደስ ይለኛል።

ሞጣ_ፊውዝ

በ5 ቮልቱ እስማማለሁ ጋሼ። ተሻጋሪውንም ተቀብያለሁ።

እህተ_ሰርኪዩት (ደጀን)

በዚሁ ክር ልጠይቅ። የ12 ቮልት ባትሪ ቻርጀር አለ፣ ኤልኤም358 (ማጉያ ቺፕ) እና 431 አብረው ያሉበት። 431ዱ ሪፈረንሱና ካቶዱ ተገናኝተዋል። ኤልኤም336 2.5 ቮልት አለኝ፤ ይተካዋል?

ኦሚክ_ቡሬ

እዚያ ላይ አዎ እህቴ፣ ጮቄ ሰርኪዩት ላይ ቢሆን ግን አይ።

ሪፈረንስና ካቶድ የተገናኘ 431 የሚሠራው 2.5 ቮልት መስጠት ብቻ ነው፤ የማወዳደሩን ሥራ ኤልኤም358 ነው የሚሠራው። ስለዚህ ኤልኤም336ም ሆነ ኤልኤም4040 ባለ 2.5ቱ ይሆናል። ኤልኤም336 ከ10 ሚሊ አምፒር በላይ አይችልምና የሚመግበውን ሬዚስተር አይተሽ አስይው፤ የእግሮቹ ተራም ከ431 ይለያል፣ የማስተካከያ እግሩን ባዶ ትተይዋለሽ። በጮቄ ሰርኪዩት ውስጥ ግን 431ዱ ሪፈረንስም ማጉያም ነው። የኤልኤም336 ሦስተኛ እግር ቮልቴጁን በጥቂቱ ማስተካከያ ብቻ ነው፣ ማወዳደሪያ አይደለም። ብታስገቢው አውትፑቱ የሚቆመው ከ12 በጣም ዝቅ ብሎ ነው።

ቻርጀር ስለሆነ ግን ደረጃው ላይ አትቆጥቢ። 13.8 ላይ የተስተካከለ ቻርጀር በ2 ፐርሰንት ሲሳሳት 0.28 ቮልት ነው። 14.1 ላይ ዓመት ሙሉ ከቻርጀር ሳይነቀል የቆየ የታሸገ ባትሪ ይደርቃል፣ 13.5 ላይ ያለው ደግሞ ሳይሞላ ይኖራል። ከቀየርሽ በኋላ ባትሪ ሳይኖር በቴስተር ለክተሽ በማስተካከያው መልሺው። ማስተካከያ ከሌለው የታችኛውን ሬዚስተር በትንሽ ትሪመር (ተስተካካይ ሬዚስተር) ተኪው። ትሪመሩ ታች ይሁን፤ መንሸራተቻው ቢበላሽና ቢለቅ አውትፑቱ ይወርዳል። ላይ ብታደርጊው ሲለቅ ይንራል።

ጮቄ_ሞገድ

የመጨረሻ ጥያቄ። የድሮ 21 ኢንች ቲቪ ላይ ያለው ኤስኢ110ኤን ሞቷል፣ አይገኝም። በ431 ይተካል?

ጋሽ_ትራንስፎርመር

ይተካል፣ በቀጥታ ግን አይደለም። ኤስኢ110ኤን 110 ቮልቱን ራሱ የሚያነብ ነው፣ ክፍፍሉ ውስጡ አለ። 431 ከ36 ቮልት በላይ ካቶዱ ላይ አይችልም። ስለዚህ የኦፕቶው 1ኛ እግር ከየት እንደሚበላ መጀመሪያ ተመልከት። ከ110 ቮልቱ በሬዚስተር ከሆነ ያን ቆርጠህ ከ12 ወይም 15 ቮልቱ መስመር በ1 ኪሎ አብላው። ከ110 ቮልት ወደ ሪፈረንስ 100 ኪሎ ግማሽ ዋት፣ ከሪፈረንስ ወደ መሬት 2.2 ኪሎ እና 500 ኦም ትሪመር በተርታ። 2.32 ኪሎ አካባቢ ላይ 110 ይመጣል። ከካቶድ ወደ ሪፈረንስ 100 ናኖ (104) ካፓሲተር። ከካቶድ ወደ አኖድ ግን ካፓሲተር አታድርግ፤ ከ10 ናኖ እስከ ጥቂት ማይክሮ ፋራድ ባለው ክልል 431 ራሱ መወዛወዝ ይጀምራል።

አግድም ትራንዚስተሩን (ከ110 ቮልቱ የሚበላውን፣ የስክሪኑን አግድም መስመር የሚነዳውን) አውጥተህ በምትኩ 60 ዋት አምፑል ከ110ሩ ወደ መሬት አስረህ ነው የምትሞክረው። ትሪመሩን መጀመሪያ ወደ ትልቁ ኦም አድርገው፣ ቮልቴጁ ዝቅ ብሎ እንዲነሳ፤ ከዚያ እያየህ አንሳው።

ሞጣ_ፊውዝ

እና ከአሮጌ የኮምፒውተር ፓወር ሳፕላይ ስትነቅሉ አንዱን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ብዙዎቹ ላይ ሁለት አሉ፤ አንዱ ከ5 ቮልት ተጠባባቂው ኦፕቶ አጠገብ፣ ሌላው በ3.3 ቮልቱ መስመር። ኬኤ431፣ ኤዜድ431፣ ኤልኤም431 የሚልም ያው 2.5 ነው፤ ከስሙ መጨረሻ ኤል የተጨመረበት ኤዜድ431ኤል ግን 1.24 ነው፣ ለጮቄ ዓይነት አዳፕተር በቀጥታ የሚሆነው እሱ ነው። ቀጫጭን የስልክ ቻርጀር ውስጥ ግን አትፈልጉት። ኦፕቶ የሌለበት ቦርድ አውትፑቱን የሚያነበው ከትራንስፎርመሩ ተጨማሪ ጥቅል ነው፣ 431 የለውም።